ግሪኛርድ አልነሳ ሲልና ምርቱ 20 በመቶ ላይ ሲቀር

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ በሚገኝ የማስተማሪያ ላብራቶሪ፣ ብሮሞቤንዚንን ከማግኒዚየም ጋር በማዋሃድ የሚገኘውን ውሁድ (ግሪኛርድ) ከቤንዞፌኖን ጋር አጣምሬ ትራይፌኒልሜታኖል ለመሥራት ሞከርኩ። 1.2 ግራም ማግኒዚየም፣ 5 ሚሊ ሊትር ብሮሞቤንዚን፣ 35 ሚሊ ሊትር ኤተር፣ 7.3 ግራም ቤንዞፌኖን ተጠቀምኩ። ለ40 ደቂቃ ምንም የለም። ፍላስኩን በእጄ ይዤ ሳሞቀው መፍላት ስለጀመረ ተነሳ ብዬ ብሮሞቤንዚኑን በሙሉ ለቀቅሁት፤ ከዚያ ዝም አለ። አዮዲን ሦስት ቅንጣት ስጨምርበት ትንሽ ቆይቶ በኃይል ገነፈለ። ቤንዞፌኖኑን ጨምሬ በ15 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሳቆመው በኤተሩና በውሃው መካከል ነጭ ነገር ተፈጠረ፤ አልለይ ስላለኝ ከውሃው ጋር ደፋሁት። ከኤታኖል ሪክሪስታላይዝ አድርጌ (በሙቅ አሟሙቼ፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ጠጣር እንዲሆን አድርጌ አጥርቼ) ያገኘሁት 2.1 ግራም ነው፤ በ118 ዲግሪ መቅለጥ ጀምሮ በ150 ይጨርሳል። ጊዜው ክረምት ነው። ማግኒዚየሙን ልቀይር፣ ኤተሩን ልቀይር ወይስ ሙቀት ልጨምር?»

ምላሽ፦

ሙቀት አይጨምሩ። ማግኒዚየሙ ሳይቀየር ሊሠራ ይችላል። መጀመሪያ መመርመር ያለበት ኤተሩ ነው። ይሁን እንጂ ኤተሩ ብቻውን 20 በመቶ ላይ አያደርስም። ከነገሩን እንደሚታየው ፌኒሉ (ከብሮሞቤንዚኑ ወደ ምርቱ መሄድ ያለበት የካርቦን ቀለበት) የባከነው ሦስት ቦታ ላይ ነው፤ አንዱን ብቻ ቢደፍኑ ምርቱ ጥቂት ከፍ ይልና እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ዕቃ ከመለዋወጥዎ በፊት ሂሳብ ይሥሩ፦ ምን ያህል ገባ? የት የት ሄደ?

የብሮሞቤንዚን ጥግግት 1.495 ስለሆነ 5 ሚሊ ሊትሩ 7.5 ግራም ያህል፣ ማለትም 47.6 ሚሊሞል (የሞለኪውሎችን ብዛት የምንቆጥርበት መለኪያ) ነው። ማግኒዚየሙ 49 ሚሊሞል፣ ቤንዞፌኖኑ 40 ሚሊሞል። ሁሉም ቢሳካ 10.4 ግራም ትራይፌኒልሜታኖል ይወጣል፤ እርስዎ ያገኙት 2.1 ግራም ንጹሕ ቢሆን እንኳ 8 ሚሊሞል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ቤንዞፌኖኑ በሙሉ እንዲያልቅ ከ47.6ቱ 40ው ፌኒል ማግኒዚየም ብሮማይድ (ግሪኛርዱ ማለት ነው) ሆኖ እስከ መጨረሻው መቆየት አለበት። እንዲባክን የተፈቀደልዎ 7.6 ሚሊሞል ብቻ ነው። አንድ ጠብታ ውሃ ብቻዋን 2.8 ሚሊሞል ናት።

አሁን ወደ ኤተሩ። 35 ሚሊ ሊትር ኤተር 25 ግራም ይመዝናል። ኤተር በክፍል ሙቀት 1.2 በመቶ ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል። ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ግማሽ በመቶ ብቻ ቢይዝ እንኳ 0.125 ግራም ውሃ፣ ማለትም 7 ሚሊሞል ነው፤ የተፈቀደልዎ ሁሉ እዚያው አለቀ። ቤንዞፌኖኑን ያሟሟበት ኤተር ገና አልተቆጠረም። የጠርሙሱን ጽሑፍም ያንብቡ፦ ኤተር ፐርኦክሳይድ እንዳይፈጥር ቢኤችቲ ይጨመርበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ 2 በመቶ ያህል ኤታኖል አለው። ኤታኖል ለግሪኛርድ ከውሃ አይሻልም፤ በ25 ግራም ውስጥ ግማሽ ግራም፣ ማለትም 11 ሚሊሞል ማለት ነው። ማድረቂያ ብለው ሶዲየም ሰልፌት ቢጨምሩበት ኤታኖሉን አይነካውም። ካልሲየም ክሎራይድ ግን ውሃውንም ኤታኖሉንም ይይዛል።

40 ደቂቃ ሙሉ አልነሳ ማለቱም ከዚሁ ይመጣል። የማግኒዚየም ገጽ በኦክሳይድ የተሸፈነ ነው። ብሮሞቤንዚኑ በሆነ ስንጥቅ ገብቶ ጥቂት ግሪኛርድ ሲሠራ፣ እርጥበት ካለ ያቺ ጥቂት ወዲያውኑ ትሞታለች። ውሃው ተበልቶ እስኪያልቅ ድረስ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ የመነሻው መዘግየት ራሱ መለኪያ ነው፦ በደረቅ ኤተርና በተፋቀ ማግኒዚየም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት። ከ20 ደቂቃ በላይ ከቆየ ተጨማሪ ብሮሞቤንዚን ሳይሆን ደረቅ ዕቃ ነው የጎደለው።

ሁለተኛው ብክነት እጅዎ ላይ ነው፤ ይህ አዲስ አበባ ላይ የሚያታልል ነገር ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ኤተር በባሕር ጠለል በ34.6 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ኤተርም በ27 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የመዳፍ ሙቀት ከዚያ በላይ ነው። ፍላስኩን በእጅ ጨብጦ የታየ መፍላት እንግዲህ የእጅዎ ሥራ እንጂ የሪአክሽኑ አይደለም። ልዩነቱን ለማየት ፍላስኩን ይልቀቁና አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ማንም ሳይነካው መፍላቱን ከቀጠለ ተነስቷል። ቀረብ ብለው ደግሞ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ያስተውሉ፦ የእጅ ሙቀት ያመጣው አረፋ ከመስታወቱ ግድግዳና ከታች ይነሳል፤ የእውነተኛው ግን ከማግኒዚየሙ ቁርጥራጭ ላይ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ይወጣል፣ ዙሪያው ያለው ፈሳሽም ግራጫ ደመና መስሎ ይደፈርሳል። አዮዲን ከጨመሩ ቡናማ ቀለሙ ይጠፋል። መድፈረሱን ሳያዩ መፍላቱን ብቻ አይመኑ።

በሐሰት ምልክት ተመርተው ብሮሞቤንዚኑን በሙሉ ስለለቀቁት ሪአክሽኑ ሲነሳ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ይህ በመጀመሪያ አደጋ ነው፤ የኤተር እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፣ በጠረጴዛው ላይ እየተሳበ ሄዶ የጋለ ዕቃ ካገኘ ይቀጣጠላል። ከመነሳቱ በፊት ፍላስኩ ውስጥ ከብሮሞቤንዚኑ ከ10 በመቶ በላይ በፍጹም አይግባ። ቀጥሎ የምርት ጉዳይ ይመጣል። በጋለና ያልተነካ ብሮሞቤንዚን በበዛበት ፍላስክ ውስጥ የተሠራው ግሪኛርድ ከቀሪው ብሮሞቤንዚን ጋር ተጣምሮ ባይፌኒል ይሆናል። አንድ ባይፌኒል ሁለት ፌኒል ይበላል፦ ለምሳሌ 1.5 ግራም ባይፌኒል 9.7 ሚሊሞል ነው፣ የወሰደው ብሮሞቤንዚን ግን 19.5 ሚሊሞል ይሆናል። ውሃው 7፣ ባይፌኒሉ 19 ከወሰዱ ለቤንዞፌኖኑ የተረፈው 21 ገደማ ነው። 20 በመቶው ከየት እንደመጣ አሁን መታየት ጀመረ አይደል?

የተቀረውን ደግሞ ራስዎ ደፍተውታል። 15 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 43 ሚሊሞል አሲድ ብቻ ይዟል። ፍላስኩ ውስጥ 48 ሚሊሞል ያህል የማግኒዚየም ውሁድ ካለ፣ በዚያ ላይ ያልተበላ ማግኒዚየም ሲጨመር፣ አሲዱ አይበቃም፤ ያልተሟሟ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ እንደ አጃ ገንፎ ይወፍራል። ያም ብቻ ላይሆን ይችላል። ኤተሩ በሥራው መሀል ብዙ ተንኖ ከሆነ ትራይፌኒልሜታኖሉ ራሱ ነጭ ሆኖ በሁለቱ ፈሳሾች መካከል ይንሳፈፋል። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው፦ ከነጩ ጥቂት በሁለት የሙከራ ቱቦ ይውሰዱ። አንዱ ላይ ኤተር ይጨምሩ፤ ከሟሟ ምርትዎ ነው። ሌላው ላይ ጥቂት ጠብታ አሲድ ይጨምሩ፤ ከሟሟ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ነው። በሁለቱ ንብርብሮች መካከል የሚታይን ነገር ይህን ሳያደርጉ መድፋት ምርትን ከነመልሱ መድፋት ነው።

የመቅለጫው ነጥብም ይህንኑ ይመሰክራል። ንጹሕ ትራይፌኒልሜታኖል ከ162 እስከ 164 ዲግሪ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይቀልጣል። ባይፌኒል በ70፣ ቤንዞፌኖን በ48 አካባቢ ስለሚቀልጡ ሲቀላቀሉበት ወደ ታች ይጎትቱታል፣ ክልሉንም ያሰፉታል። ከፍታው እዚህ ላይ ጥፋት የለበትም፤ የአየር ግፊት የመፍላት ነጥብን ይቀይራል እንጂ የመቅለጥ ነጥብን በሚታይ መጠን አይነካም። ከ118 እስከ 150 የሚቀልጠው ስላልጠራ ነው።

በየትኛው እንደቆሸሸ ለማወቅ ቲኤልሲ (ድብልቅን በስስ የሲሊካ ፕሌት ላይ የሚለይ ፈተና) 10 ደቂቃ አይፈጅም። ሲሊካ ፕሌት ላይ ምርትዎን፣ ንጹሕ ቤንዞፌኖንን፣ ካለም ባይፌኒልን ጎን ለጎን ያንጥቡ፤ በ9 እጅ ሄክሴን ለ1 እጅ ኤቲል አሲቴት ያስኪዱት። ባይፌኒል ከሁሉ በላይ ይወጣል፣ ቤንዞፌኖን መካከል፣ ትራይፌኒልሜታኖል ከሁለቱ በታች ይቀራል። በ254 ናኖሜትር መብራት ሦስቱም ይታያሉ። ለትራይፌኒልሜታኖሉ ተጨማሪ ማረጋገጫ ከፈለጉ ነጭ ወረቀት ላይ በተቀመጠ ትንሽ የመስታወት ሳህን (ዋች ግላስ) ላይ ሁለት ሚሊ ግራም ያስቀምጡና አንድ ጠብታ ጥቅጥቅ ሰልፈሪክ አሲድ ያንጠባጥቡበት፤ ወዲያው ደማቅ ብርቱካናማ ቢጫ ይሆናል፣ ውሃ ሲጨመርበት ቀለሙ ይጠፋል።

ቲኤልሲው የሚነግርዎት ነገር ቀጣዩን እርምጃ ይወስናል። ብዙ ቤንዞፌኖን ከታየ ግሪኛርዱ አንሷል ወይም ሳይደባለቅ ቀርቷል። ባይፌኒሉ ከበዛ አጨማመሩ ፈጥኗል ወይም ግሏል። ሁለቱም ጥቂት ሆነው ምርቱ ካነሰ የጠፋው በማጠቢያው ወይም በኤታኖሉ ነው።

አሁን እንደገና ሲሠሩ።

መስታወቱ በ120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ይደር፤ የፕላስቲክና የቴፍሎን ክፍሎች ተነቅለው በዴሲኬተር (እርጥበት በማይገባበት ማስቀመጫ) ይቀመጡ። ትኩሱን እንዳለ ገጣጥመው በናይትሮጂን ሥር ያቀዝቅዙት። ናይትሮጂን ከሌለ በኮንደንሰሩ (እንፋሎቱን አቀዝቅዞ የሚመልሰው ቱቦ) እና በድሮፒንግ ፈነሉ (ፈሳሽ በጠብታ የሚለቀው ማፍሰሻ) አናት ላይ ካልሲየም ክሎራይድ የተሞላ ቱቦ ያስገቡ፤ ቱቦው ግን ክፍት መተላለፊያ ይኑረው፣ በክረምት ጨው ረጥቦ ተጣብቆ ይዘጋልና። የተዘጋ ዕቃ ማሞቅ ደግሞ ፈንጂ ማዘጋጀት ነው። በክረምቱ እርጥበት የቀዘቀዘ መስታወት ለደቂቃዎች ክፍት መተው ብቻውን የሌሊቱን ማድረቅ ከንቱ ያደርገዋል።

ኤተሩን በቅድሚያ ለፐርኦክሳይድ ይፈትሹ፦ 1 ሚሊ ሊትር ኤተር ከ1 ሚሊ ሊትር አዲስ 10 በመቶ ፖታሲየም አዮዳይድና ጥቂት ጠብታ አሲድ ጋር ይነቅንቁ፤ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ አይጠቀሙበት፣ አፍልተው አያንጥሩትምም። ካልሆነ በካልሲየም ክሎራይድ ሌሊቱን ያስቀምጡ፤ ከዚያ በሦስት አንግስትሮም ሞሌኪውላር ሲቭ (ውሃ የሚይዙ ቀዳዳማ እንክብሎች) ላይ ያሸጋግሩት። ሲቩ በ300 ዲግሪ ቢያንስ 3 ሰዓት የጋለ፣ መጠኑም ለ100 ሚሊ ሊትር 20 ግራም ያህል ይሁን፤ 48 ሰዓት ይቆይ። ከከረጢት የወጣ ሲቭ ሳይግል ቢጨመር እርጥበት ከመውሰድ ይልቅ ሊሰጥ ይችላል። የሶዲየም ሽቦ ያለበት ላብራቶሪ ለኤተር ሊጠቀምበት ይችላል፤ ለብሮሞቤንዚን ግን ሶዲየም በፍጹም አይነካካ። ብሮሞቤንዚኑን በካልሲየም ክሎራይድ ያድርቁ። ቤንዞፌኖን በ48 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ኦቨን ሳይሆን ዴሲኬተር ይበቃዋል።

ማግኒዚየሙ ጠቆር ካለ በ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ይነከር፣ በውሃ፣ በኤታኖል፣ በመጨረሻም ሁለት ጊዜ በኤተር ይታጠብና በቫክዩም ይድረቅ። ብሩህ ብር ሲመስል ይጠቀሙበት። መጠኑን ወደ 1.4 ግራም ከፍ ያድርጉ። 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ ኤተር ያልብሱትና 0.1 ሚሊ ሊትር 1፣2-ዳይብሮሞኢቴን ይጨምሩ። ከአዮዲን የምመርጠው ለዚህ ነው፦ ከማግኒዚየሙ ጋር ሲገናኝ ኤቲሊን ጋዝ ስለሚለቅ ገጹ መከፈቱን በአረፋው በዓይን ያዩታል፣ የሚቀረውም ማግኒዚየም ብሮማይድ ነው። ካንሰር አምጪ ስለሆነ በጓንትና በፊዩም ሁድ (እንፋሎትን ወደ ውጭ በሚስብ የሥራ ቦታ) ውስጥ ብቻ ይያዝ። ከሌለ አንድ ቅንጣት አዮዲን ይበቃል፤ ሦስት ማድረግ አያፋጥነውም።

5 ሚሊ ሊትር ብሮሞቤንዚን በ25 ሚሊ ሊትር ኤተር በጥብጠው ድሮፒንግ ፈነል ውስጥ ያስገቡ፤ ከዚያ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ይልቀቁና ይጠብቁ። ካልተነሳ አንድ ቁራጭ ማግኒዚየም በደረቀ የመስታወት ዘንግ ከፍላስኩ ግርጌ ላይ ጨፍልቁት፤ አዲስ የተሰበረ ገጽ ብዙ ጊዜ ያስነሳዋል። ዘንጉን ሲጫኑ የፍላስኩን ታች እንዳይወጉ ቀስ ይበሉ። ከተነሳ በኋላ በዝግታ ጠብታ በጠብታ፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። መለኪያው ኮንደንሰሩ ነው፦ ኤተሩ በታችኛው ሲሶ ላይ ተመልሶ ሲንጠባጠብ ልክ ነው፤ ግማሹን ካለፈ ፈነሉን ይዝጉ። የበረዶ ሳህን አጠገብዎ ይኑር፣ ግን ለአጭር ጊዜ ብቻ ከታች ያስነኩት። ጨርሶ ከቀዘቀዘ ይተኛል፣ ጠብታው ይጠራቀማል፣ ቀድሞ ወደደረሰብዎት መገንፈል ይመለሳሉ።

ጨምረው ሲያበቁ በ40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሪፍለክስ ያድርጉ፣ ማለትም እየፈላ እንፋሎቱ በኮንደንሰሩ ተመልሶ ይንጠባጠብ። የጋለ ምድጃ አጠገብ አይድረስ፤ ኤተር ያለ እሳት በጋለ ገጽ ብቻ ሊቀጣጠል ይችላል። መጽሐፍ 30 ደቂቃ ካለ አዲስ አበባ ላይ 60 ያድርጉት። ሪፍለክስ የሚያደርጉት በ27 ዲግሪ እንጂ በ35 ስላልሆነ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ኤተሩም ቶሎ ስለሚያመልጥ የኮንደንሰሩ ውሃ ቀዝቃዛ ይሁን፤ የፈሳሹን ከፍታ በፍላስኩ ላይ ምልክት አድርገው የጎደለውን በደረቅ ኤተር ይተኩ። ኤተሩ ቢያስቸግር በቴትራሃይድሮፉራን መሥራትም ይቻላል፤ እሱ እዚህ በ58 አካባቢ ይፈላል። ከውሃ ጋር ስለሚቀላቀል ግን በመጨረሻ ተኖ በኤተር መተካት አለበት፣ ማድረቁም ያንኑ ያህል ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ቤንዞፌኖን ከመጨመርዎ በፊት ግሪኛርዱን ይለኩ። ይህን እርምጃ የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ ዕውር ድንብር የሚያደርገውም ይኸው መዝለል ነው። 156 ሚሊ ግራም ሜንቶል፣ ማለትም 1 ሚሊሞል፣ ከጥቂት ቅንጣት ኦርቶ ፌናንትሮሊን (በቀለም የሚያመለክት ውሁድ) ጋር በ5 ሚሊ ሊትር ደረቅ ቴትራሃይድሮፉራን ይሟሙ። በናይትሮጂን ሥር እየዞረ ግሪኛርዱን በ1 ሚሊ ሊትር መርፌ ጠብታ በጠብታ ይጨምሩ። ሐምራዊ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም መጥቶ አልጠፋም ሲል ያቁሙ። የፈጀው 1.0 ሚሊ ሊትር ከሆነ 1 ሞላር ነው፤ ፍላስኩ 40 ሚሊ ሊትር ከያዘ 40 ሚሊሞል አለዎት። 1.6 ከፈጀ 25 ብቻ ነው። በአሲድና በፊኖልፍታሌን መለካትም ይቻላል፣ ነገር ግን በውሃ የሞተውን ሃይድሮክሳይድም አብሮ ስለሚቆጥር ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ፌናንትሮሊን ከሌለ ቢያንስ መኖሩን የሚነግር የጊልማን ፈተና አለ፦ ግማሽ ሚሊ ሊትር ግሪኛርድ ከግማሽ ሚሊ ሊትር 1 በመቶ የሚክለር ኪቶን ጋር በደረቅ ቶሉዊን፣ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በመጨረሻ ጥቂት ጠብታ 0.2 በመቶ አዮዲን በግላሲያል አሴቲክ አሲድ። አረንጓዴማ ሰማያዊ ከመጣ ግሪኛርድ አለ።

ከለኩ በኋላ ቤንዞፌኖኑን በግሪኛርዱ ልክ ይመዝኑ፣ ከተገኘው 90 በመቶ አድርገው። 40 ሚሊሞል ካለ 36 ሚሊሞል፣ ማለትም 6.6 ግራም ያህል። በ20 ሚሊ ሊትር ደረቅ ኤተር አሟሙተው፣ ፍላስኩን በበረዶ ውሃ አቀዝቅዘው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያንጠባጥቡ። እያንዳንዱ ጠብታ ሲነካ ቀይ ይሆንና ይደበዝዛል፤ ቀስ በቀስ ሮዛማ ነጭ ጠጣር ይሞላል። ስተረሩ (የሚያማስለው ማግኔት) እዚህ ላይ ይያዛል። ማግኔቱ ቆሞ መጨመር ከቀጠሉ ቤንዞፌኖኑ ከላይ ተንሳፎ ይቀራል፣ ቲኤልሲው ላይ ያዩታል። ሲወፍር 15 ሚሊ ሊትር ኤተር ይጨምሩ ወይም በደረቅ ዘንግ ያማስሉ፤ ከዚያ 30 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ።

ለማቆም 30 ግራም በረዶና 35 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያዘጋጁና ድብልቁን ቀስ እያሉ ወደዚያ ያፍስሱ፤ የተረፈው ማግኒዚየም ሃይድሮጂን ስለሚለቅ በፊዩም ሁድ ውስጥ። ውሃው በሊትመስ አሲድ መሆኑን ያረጋግጡ። ኤተሩ ከጎደለ 30 ሚሊ ሊትር ይጨምሩና ይለዩ፤ ውሃውን አንዴ በ20 ሚሊ ሊትር ኤተር ይድገሙት። ኤተሩን በ20 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በ20 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ በመጨረሻም በጨው ውሃ ይጠቡ፤ ባይካርቦኔቱ ላይ የመለያ ፈነሉን ቶሎ ቶሎ ያስተንፍሱ። ይህን እጥበት አይዝለሉ። አሲድ ይዞ ወደ ሙቅ ኤታኖል የገባ ትራይፌኒልሜታኖል ውሃ ያጣና ከኤታኖሉ ጋር ኤቲል ኤተር ይሆናል። ይህም የመቅለጫውን ነጥብ ያወርዳል።

ኤተሩ ተኖ የቀረውን ጠጣር በቀጥታ ወደ ኤታኖል አይውሰዱት። መጀመሪያ 20 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ሄክሴን ወይም ፔትሮሊየም ኤተር አፍስሰው በማንኪያ ጀርባ ይፍጩት፣ ያጣሩ፣ አንዴ ይድገሙት። ባይፌኒሉ በሙሉ፣ ቤንዞፌኖኑም ባብዛኛው በሄክሴኑ ይሄዳል፣ ትራይፌኒልሜታኖሉ ይቀራል። ከዚያ በትንሹ ሙቅ ኤታኖል ሪክሪስታላይዝ ያድርጉ። እየፈላ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩና ልክ ሲሟሟ ያቁሙ፤ ለጥንቃቄ ብሎ ማብዛት ምርትን በፈሳሹ ውስጥ ማስቀረት ነው። ሳይነኩት ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ በበረዶ። በዚህ መንገድ ከ60 በመቶ በላይ መጠበቅ ተገቢ ነው።

አሁን በእጅዎ ያለውን 2.1 ግራምም አይጣሉት። በ10 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ሄክሴን ፈጭተው ያጣሩ፣ የሄክሴኑን ፈሳሽ ለብቻው አትንነው ይመዝኑ፣ ሁለቱንም ቲኤልሲ ያስኪዱ። የቀረው ጠጣር ከ160 ዲግሪ በላይ ከቀለጠ ትክክለኛ ምርትዎ ምን ያህል እንደነበር ያውቃሉ፤ ከሄክሴኑ የተገኘው ክብደት ደግሞ ባይፌኒልና ቤንዞፌኖን በምን ያህል እንደበዙ ይነግርዎታል፣ ቀጣዩን ሙከራ ከየት እንደሚጀምሩም።